የሥርዓተ ጾታ ታሪክ ጥናትና ዘዴዎቹ፤ በላስታ ምንጮች ምሳሌነት

በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚቀርቡ ጽሑፎች በመጨረሻ ገጾቻቸው የቃል መረጃ የሰጡትን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ስፍራና ቀን በሠንጠረዥ ማቅረባቸው የቆየ ልማድ ነው። አንባቢ ይህን ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመለከተው ያልፋል። ሆኖም አንድ የአካባቢ ታሪክ በማን ዐይን እንደ ታየና በማን አንደበት እንደ ተነገረ ለማወቅ ከመግቢያው ይልቅ ሠንጠረዡን ማንበብ ይጠቅማል። አቶ፣ ቄስ፣ መሪጌታ፣ ግራዝማች የሚሉት መጠሪያዎች ተከታትለው ተሰልፈው ወይዘሮ የሚለው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ቢታይ፣ ወይም ጨርሶ ባይገኝ፣ ጥናቱ የአካባቢውን ሕዝብ ታሪክ ሳይሆን የወንዶቹን ትዝታ የያዘ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው ተማሪው ሴቶችን ለማግለል አስቦ አይደለም። ወደ መንደሩ ሲደርስ «ታሪክ የሚያውቅ ሰው አሳዩኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያሳዩትም አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ይሆናሉ። ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የሥርዓተ ጾታ ታሪክ ምን ዐይነት የጥናት ዘርፍ እንደ ሆነና በድኅረ ምረቃ ደረጃ በምን ዘዴ እንደሚጠና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለማስረዳት የቀረበ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከላሊበላና ከላስታ ደጋ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ይገኛሉ። ዝናቸው ግን በታሪክ ትምህርት ረገድ አንድ ጉዳት አለው፤ ስለ ላስታ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ወደ ድንጋዩና ወደ ነገሥታቱ ያዘነብላል። በሌላ በኩል ገድል፣ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ሰነድ፣ የመንገደኛ ማስታወሻ፣ የርስት ክርክርና የረኀብ ዘመን ትዝታ በአንድ አካባቢ ተሰብስበው የሚገኙበት እንደ ላስታ ያለ አገር ለዘዴ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። ሴቶች በእነዚህ ምንጮች ውስጥ የሉም የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። አሉ፤ የማናያቸው ምንጩ በማን፣ ለማን፣ በምንስ ሥርዓት እንደ ተጻፈ ሳንጠይቅ ስለምናነበው ነው።

ስለ ስያሜው

ጾታ የሚለው ቃል ለአማርኛ መምህራን እንግዳ አይደለም። በሰዋስው ትምህርት ተባዕታይ ጾታና አንስታይ ጾታ እያልን ስናስተምር ኖረናል። ቃሉ በግእዝ ወገንን፣ ክፍልንና ዐይነትንም ያመለክታል። ሥርዓት የሚለው ቃል ሲታከልበት የሚጠናው የተፈጥሮ ልዩነቱ ራሱ ሳይሆን ማኅበረ ሰቡ በዚያ ልዩነት ላይ የመሠረተው ደንብ ይሆናል፤ ይኸውም ማን ያርሳል፣ ማን ይፈጫል፣ ማን ይወርሳል፣ ማን ዋስ ይሆናል፣ ማንስ ይቀድሳል የሚለው ነው። ደንብ ሰው የሠራው እንደ መሆኑ በዘመን ይለወጣል፤ የሚለወጥ ነገር ደግሞ ታሪክ አለው።

በዚህ ረገድ የሴቶች ታሪክና የሥርዓተ ጾታ ታሪክ ይለያያሉ። የመጀመሪያው የተረሱትን ሴቶች ፈልጎ ወደ ታሪኩ የሚመልስ ነው፤ ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛው ግን ሴትነትና ወንድነት ራሳቸው እንዴት እንደ ተበጁ፣ ሥልጣንና ሀብትም በእነርሱ አማካይነት እንዴት እንደ ተከፋፈለ ይጠይቃል። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ጆአን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት በሰፊው በታወቀው ጽሑፋቸው ያስረዱት ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ሥርዓተ ጾታ የኅብረተሰብ ግንኙነት መሠረት ከመሆኑም በላይ ሥልጣን ራሱ የሚገለጽበት ቋንቋ ነው ይላሉ።

የሥርዓተ ጾታ ታሪክ ስለ ወንዶችም የሚናገር መሆኑን ለማስረዳት ከላሊበላ ካህናት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት አንድ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ ይቈርባል፤ ሚስቱ ብትሞት ወይም ቢፋቱና ሌላ ቢያገባ ክህነቱን ያጣል። እንግዲህ የሰውዬው መዓርግ፣ ከመዓርጉም ጋር የሚያገኘው ድርጎና መሬት፣ በሚስቱ ሕይወት ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው። የደብሩን ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ የአለቆቹን ስም ዝርዝር ብቻ ይዞ ከተመለሰ ይህን ሁሉ ሳያይ ቀረ።

ከውጭ አገር የመጣ ጽንሰ ሐሳብ በእኛ ኅብረተሰብ ላይ ሳይፈተን መጫን የለበትም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኦየሮንኬ ኦየውሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ ከጾታ ይልቅ ታላቅነትና ታናሽነት የማኅበረ ሰቡ መለያ እንደ ነበር፣ ቋንቋውም በተውላጠ ስሞቹ ወንድና ሴትን እንደማይለይ አመልክተው ተከራክረዋል። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ክርክር የራሱ መልስ አለው። አማርኛ አንተና አንቺ፣ እሱና እሷ እያለ ጾታን አጥብቆ ይለያል። ይሁን እንጂ አክብሮት በገባ ጊዜ፣ እርስዎ ወይም አንቱ፣ እሳቸው በተባለ ጊዜ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይጠፋል። በሰዋስዋችን ክብር ከጾታ በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ከሰዋስው ውጭ በኑሮውስ እውነት ነበርን? ባለርስቷ ወይዘሮ በጭሰኛዋ ፊት፣ መነኩሲቷ በመንደሩ ጉባኤ ፊት፣ አማት በምራቷ ፊት የነበራቸው ቦታ እንዴት ይመዘናል? ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፤ ለመነሻውም የሌላ አገር መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ወይዘሮ የሚለው መጠሪያ ራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞ ዘመን ከንጉሣውያንና ከመኳንንት ወገን ለሚወለዱ ሴቶች ብቻ የሚሰጥ የማዕረግ ስም ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ባል ላገባች ሴት ሁሉ የሚነገር ሆነ። እንግዲህ በ19ኛው መቶ ዓመት ሰነድ ላይ «ወይዘሮ» የሚለውን አግኝቶ «ያገባች ሴት» ብሎ የሚተረጕም ተማሪ ይሳሳታል።

በገድልና በትውፊት ውስጥ

ገድለ ላሊበላ በብዙ መምህራን ዘንድ ይታወቃል። ክፍሎቹ እ.ኤ.አ. በ1892 በፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን አማካይነት ታትመዋል። በገድሉና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ትውፊት ሦስት ሴቶች ጐልተው ይታያሉ። አንደኛዋ እናቱ ናት፤ ሕፃኑን ንብ ሲከበው አይታ ስሙን ያወጣችለት እርሷ ናት። ሁለተኛዋ መርዝ ያጠጣችው እኅቱ ናት። ሦስተኛዋ ንግሥቲቱ መስቀል ክብራ ናት። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው እነዚህ ሦስት ሴቶች በታሪኩ መገጣጠሚያዎች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ጥሪው በእናት ቃል ይጀምራል፤ ንጉሡ ወደ ሰማይ ተወስዶ የአብያተ ክርስቲያናቱን አምሳል የሚያየው ከእኅቱ መርዝ በኋላ ነው፤ ቅድስናው በሚስቱ ይታተማል። የቤተ አባ ሊባኖስንም ሥራ ትውፊቱ ለመስቀል ክብራ ይሰጣል፤ ንጉሡ ካረፈ በኋላ መላእክት እየረዷት በአንዲት ሌሊት አሠራችው ይላል።

ተማሪው እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይጠብቁታል። አንደኛው ይህን ሁሉ እንደ ተራ ዜና ወስዶ «ንግሥቲቱ የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ነበረች» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ተረት ነው ብሎ መጣል ነው። ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ በመሆኑ በቀጥታ የሚያስረዳው ጸሐፊዎቹ የኖሩበትን ዘመን አስተሳሰብ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት የአንድን ቅዱስ ንጉሥ ታሪክ ለመናገር የምታውጅ እናት፣ የምትመርዝ እኅት፣ የምትፈጽም ሚስት ለምን አስፈለጓቸው? ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ገድሉ የሐሳብ ታሪክ ምንጭ ይሆናል።

ስለ መስቀል ክብራ ከሚነገረው ውስጥ በይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የላሟ ታሪክ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ላሊበላ በንግሥቲቱ ምክር መንግሥቱን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ብለው ስለ ወሰዱ፣ መስቀል ክብራ ባሏን መክራ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገች። ይህን ትውፊት የሰማ ሰው ንግሥቲቱ ለድኻ የምትቆረቆር፣ ንጉሥ የምታነግሥና የምታወርድ ኃያል ሴት ነበረች ብሎ ሊደመድም ይችላል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በተጻፈው መጽሐፋቸው ግን የላሊበላ መንግሥት ፍጻሜ ትውፊቱ እንደሚለው ሰላማዊ ላይሆን እንደሚችል፣ ከታሪኩም በስተኋላ የሥልጣን ነጠቃ ሳይኖር እንዳልቀረ ገምተዋል። ይህ ግምት ትክክል ከሆነ የንግሥቲቱ ምክር በትውፊቱ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ በወንዶች መካከል የተደረገውን የኃይል ግጭት በቤት ውስጥ ምክር ይሸፍነዋል። የሴት ስም በምንጭ ውስጥ መገኘቱ ብቻ የሴት ሥልጣን ማስረጃ አይሆንም፤ ስሟ በዚያ ስፍራ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባል። ይህን ነጥብ በአንድ ሴሚናር ጊዜ ወስዶ ማስተማር፣ የዘዴ መጻሕፍትን ምዕራፍ በምዕራፍ ከመሸምደድ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ዮዲት ጉዲትም በዚሁ ዐይን ልትታይ ይገባል። በ10ኛው መቶ ዓመት አንዲት ሴት በሐበሻ ላይ መንገሥዋን ዐረባዊው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል ጽፏል፤ የእስክንድርያ አባቶች ታሪክም የአገሪቱ ንጉሥ ስለ እርሷ ጥፋት ለኖባ ንጉሥ የላከውን ደብዳቤ ይጠቅሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የቡግና ገዥ ሚስት ነበረች የሚለውን አፈ ታሪክ መዝግቧል፤ ቡግና የላስታ አገር ነው። የውጭ ጸሐፊዎቹ የሚሉት ጥቂት ነው፤ እሳቶ፣ ጉዲት የሚሉት ስሞችና የክፋቷ ዝርዝር የመጡት ከአገር ቤት ትውፊት ነው። አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለ ወንድ ድል አድራጊ በትውፊታችን ምን ስም እንደሚሰጠውና የእርሷ ስም በምን እንደሚለይ ማነጻጸር መልካም የጽሑፍ ርእስ ነው።

የጋብቻና የመሬት ማስረጃዎች

ከገድል ወደ ሰነድ ስንሻገር መሬቱ ይጠነክራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ላሊበላን አይቶ የጻፈው መጽሐፍ በአብያተ ክርስቲያናቱ መግለጫ የታወቀ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ስለ ጋብቻ ውል፣ ስለ ዋሶችና ስለ ፍቺ የጻፈው ምዕራፍም አለ። ጋብቻ በዋስ የሚጸና፣ በውል የሚፈርስ ስምምነት መሆኑ አስገርሞታል። ይህ ኋላ የሰማንያ ጋብቻ ብለን ለምናውቀው ሥርዓት የቆየ ምስክር ነው። ሰማንያ፣ ቍርባንና ደመወዝ የሚባሉት የጋብቻ ዐይነቶች በንብረት፣ በፍቺና በልጆች መብት ረገድ እያንዳንዳቸው ለሴቲቱ ምን ይሰጧት፣ ምንስ ይከለክሏት እንደ ነበር በአንድ ወረዳ ላይ ተወስኖ ቢጠና ብዙ ይገኝበታል።

በመኳንንት ዘንድ ጋብቻ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የላስታና የዋግ ሰው ዋግሹም ጎበዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ሚስታቸው የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት ድንቅነሽ ምርጫ ነበሩ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ግን ካሣ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ማረኩ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። በመማሪያ መጻሕፍት ይህ የሁለት ወንዶች ውድድር ነው። በመካከላቸው የነበሩት ሴት የአንዱ እኅት፣ የሌላው ሚስት ነበሩ። ጋብቻው ሲፈጸም ምን ታስቦ ነበር? ለምንስ ሳይይዝ ቀረ? ባይሩ ታፍላ እ.ኤ.አ. በ1972 በጋብቻ ፖለቲካዊ አገልግሎት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍና ሔራን ሠረቀ ብርሃን በ2002 ስለ መኳንንት ጋብቻ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ለዚህ ዐይነቱ ጥያቄ መንገድ ከፍተዋል።

ስለ መሬት ሲነሣ ተማሪው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው የርስት ሥርዓት በአባትም በእናትም በኩል የሚቈጠር መሆኑን ነው። አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው መጽሐፋቸው ይህን በጎጃም ደጋ ዳሞት አሳይተዋል። ዶናልድ ክረሚ ደግሞ በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ በጎንደር ዘመን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የሽያጭ፣ የውርስና የስጦታ ሰነዶች መርምረው ሴቶች መሬት የሚወርሱ፣ የሚሸጡና የሚገዙ ባለመብቶች እንደ ነበሩ አስረድተዋል። ሰነዶቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ክረሚ ያደረጉት ስሞቹን አንድ በአንድ መቍጠርና «ይህች ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የላስታ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም በዚህ መንገድ ሊነበቡ ይገባል። ለዚህ ሥራ ግእዝ ማወቅ ግድ ነው፤ ያለ ግእዝ የመካከለኛውን ዘመን የሥርዓተ ጾታ ታሪክ እጽፋለሁ ማለት ዘበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲወጣ በጥቂት ቃላት አተረጓጐም ላይ የተነሣው ክርክር ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይሁን እንጂ ሴት ርስት ነበራት ማለትና ሴት ከርስቷ ትጠቀም ነበር ማለት አንድ አይደሉም። በደጋው የሚታረሰው በበሬ ነው፤ ሞፈር የሚይዘውም ወንድ ነው። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት፣ ከ1900 እስከ 1935 ያለውን የሰሜን ወሎን የገጠር ታሪክ በሚመረምረው መጽሐፍ፣ በዚህ አገር የቤተሰብ ዕጣ ከመሬቱ ይልቅ በበሬው ላይ እንደሚወሰን አሳይተዋል። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ጕልበት ያነሰው ደቦና ወንፈል ይጠራል። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ያልደረሰላት ሴት ግን መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ ሰጥታ ከማሳዋ ምርት ከፊሉን ታጣለች። ስለዚህ ተማሪው በመዝገብ ላይ የባለርስቷን ስም ሲያገኝ ወዲያው ማን አረሰላት፣ በስንት ድርሻ የሚለውን ማስከተል አለበት። የ1958፣ የ1965ና 1966፣ የ1977 ዓ.ም. ረኀቦች በላስታና በዋግ ላይ ያደረሱትን ጉዳት የሚያጠና ሰውም መነሻው ይኸው ነው። በሬው በተሸጠ ወይም በሞተ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ማን ቀረ፣ ማንስ እህልና ሥራ ፍለጋ ወጣ?

ከመጋቢት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ያሉት መዛግብት ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚሰፍረው የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ ባል ያላት ሴት በባሏ ስም ውስጥ ትሰወራለች፤ ስሟ የሚወጣው ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት ነው። ቀድሞ በርስት ክርክር በእናቷ ስም ትሟገት የነበረችው ሴት እኩልነትን ባወጀው ዘመን መዝገብ ላይ አለመታየቷ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ኃላፊ ያደርግ ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲሆን የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። በዚያው ዘመን በክልሉ መሰጠት የጀመረው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ይይዛል። ተማሪው በእነዚህ መዛግብት ሴቲቱ ስትጠፋና ስትገለጥ አይቶ «ሴቶች መሬት አጡ፣ ኋላም አገኙ» ብሎ ከመቸኰል ይቆጠብ። የተለወጠው በከፊል የአጻጻፉ ደንብ ነውና፣ ከደንቡ በስተኋላ ያለውን ኑሮ በሌላ ማስረጃ ማረጋገጥ አለበት።

የቃል ምንጮችና የተመራማሪው አቀራረብ

ተመራማሪ በላስታ ገጠር አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብቶ ተቀመጠ እንበል። ሽማግሌው ትውልድ ይቈጥራሉ፤ ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ቡና ይቈላሉ። በመካከል «እሱስ በእናቱ ወገን ነው» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። ሽማግሌው ለአፍታ ያስባሉ፤ ያርማሉም። ተመራማሪው እርማቱን በሽማግሌው ስም ይመዘግባል። በሠንጠረዡ የሚገባው የእርሳቸው ስም ነው፤ ያረሙት እናት የሉበትም። በመስክ የሠራ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። ሴቶች ዝምድናን አጥርተው የሚያውቁበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት ስለማይፈቀድ ልጅ ለመዳርና ለማጋባት ይህን ማወቅ የእናቶች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ዘመን አቈጣጠርም ይለያያል። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ በገዥና በጦርነት ሲቈጥሩ እናቶች በወሊድና በሠርግ ይቈጥራሉ፤ «የበኵር ልጄን እርጉዝ ሳለሁ»፣ «በተዳርሁ በሁለተኛው ዓመት» ይላሉ። ይህን እንደ ድክመት የሚያይ ጠያቂ ይሳሳታል። የልጁ ዕድሜ ከታወቀ፣ የሰባ ሰባት ረኀብ ከየትኛው ልጅ በፊትና በኋላ እንደ ሆነ ከተጠየቀ፣ ዓመቱ በጥንቃቄ ሊሰላ ይችላል። ከቃለ መጠይቅ ሌላ የልቅሶ ሙሾ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የወፍጮ እንጕርጕሮ ሴቶች ስለ ራሳቸው የተናገሩባቸው ምንጮች ናቸው። ነገር ግን በሙሾ ውስጥ ያለው «እኔ» ሁልጊዜ የአልቃሿ የራሷ ሕይወት ላይሆን ይችላል፤ የሙያው ደንብ የሚያናግራት ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ጆአን ኬሊ ሴቶች የአውሮፓ የሥነ ጥበብ ትንሣኤ ዘመን ነበራቸውን ብለው ጠይቀው ነበር። የእኛም ተማሪ የታሪክ ዘመን አከፋፈሉን ይህንኑ ጥያቄ ሊጠይቀው ይገባል። 1966 ዓ.ም. ለላስታ እናት የዘመን መለወጫ ነበር? ነው ከተባለ በምን? ምናልባት የሞተር ወፍጮ በአቅራቢያዋ የተተከለበት ዓመት ለእርሷ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ተነሥቶ በድንጋይ መፍጨት ምን እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም።

የተመራማሪው ጾታም የምንጩ አካል ነው። በላሊበላ ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ሴት ተመራማሪ ራሷ ያላየችውን ነገር በሌላ ሰው ዐይን ለመግለጽ ትገደዳለች፤ ይህንኑም በጽሑፏ ማስፈር ይኖርባታል። ወንድ ተመራማሪም እንዲሁ ሴቶች ብቻ በሚሰበሰቡበት በምጥና በአራስ ቤት ስለሚሆነው ነገር በጆሮ የሚያውቀውን በዐይን እንዳየ አድርጎ መጻፍ አይገባውም። ስለ ጠለፋ፣ ያለ ዕድሜ ስለሚፈጸም ጋብቻና ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባል ባለበት መጠየቅ መልሱን ከማበላሸቱም በላይ ተጠያቂዋን ሊጐዳት ይችላል። የመሬት ክርክሯ ገና በፍርድ ቤት ያለ ሴት የነገረችው ቃል በስሟ ታትሞ ቢወጣ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣባት ይችላል። ስም መለወጥ፣ ቀበሌን መሰወር፣ የድምፅ ቅጂውን መቆለፍ ለጥናቱ ጌጥ የሚጨመሩ ሳይሆኑ ግዴታዎች ናቸው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ በ1984 ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ፍለጋ በሚል መንፈስ ያሳተሙት አጭር ጥናት፣ በለጠ ብዙነህም በ2001 በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስለ ሴቶች የተጻፈውን መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ጕድለቱን በግልጽ አመልክተዋል። ዛሬ የሥርዓተ ጾታ ትምህርት ራሱን የቻለ መርሐ ግብር አለው፤ በታሪክ ክፍሎች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከልማት ጋር ብቻ ተያይዞ ይታያል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በታሪክ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ ለብቻው አንድ ኮርስ ከመጨመር ይልቅ በጥናት ዘዴ ኮርሱ ውስጥ እያንዳንዱ ምንጭ በዚህ ጥያቄ እንዲፈተን ማድረግ ይቀድማል። የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥም የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን በቃለ መጠይቁ ጊዜ በቤቱ የነበሩትንና ያረሙትን ቢይዝ ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው።

በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ መምህራን ደግሞ ማንም የሌለው ምንጭ በእጃቸው አለ፤ እርሱም የትምህርት ቤታቸው የስም መጥሪያ ደብተርና ሮስተር ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስሟ የነበረ ልጃገረድ በሁለተኛው ቀይ መስመር ተሠምሮባት ከተገኘች፣ መስመሩን የሠመረው መምህር ሳያስበው የታሪክ ሰነድ ጽፏል። በአንድ ትምህርት ቤት የሃያ ወይም የሠላሳ ዓመት ደብተር ተገናኝቶ ቢነበብ፣ ከይዞታ ደብተሩና ከእናቶች ቃል ጋርም ቢነጻጸር፣ ስለ አንድ ቀበሌ የጋብቻ ዕድሜና የሴቶች ትምህርት ከሌላ ቦታ የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል። እነዚህ ደብተሮች ግን ቦታ አጣበቡ ተብለው የሚጣሉ፣ ለማገዶና ለመጠቅለያ የሚውሉ ናቸው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አሮጌ የስም መጥሪያዎችን ከማስወገዳቸው በፊት በዓመተ ምሕረት ለይተው በአንድ ደረቅ ክፍል እንዲያኖሩ፣ ርእሳነ መምህራንም የሚረከቡትንና የሚያስረክቡትን ደብተር ቍጥር በርክክብ ሰነድ ላይ እንዲያስመዘግቡ መመሪያ ቢሰጥ፣ የሚጠይቀው አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ቁልፍ ነው።